ዘጠና አምስተኛው ኳስ

በ2083 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ከሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርክ?» መባባል ከቀረ ቆይቷል። የሚባለው «በስንት አደርክ?» ነው፤ መልሱም ቁጥር ነው። ቁጥሩን የሚናገረው መስታወት ነው። ሰው ፊቱን ሲታጠብ መስታወቱ እንቅልፉን፣ ትንፋሹንና የልቡን ምት ደምሮ ከመቶ ያስቀምጥለታል። ከሰባ በታች ላደረ ጎረቤት ሻይ ይዞለት ይመጣል። ከዘጠና በላይ ያደረ ደግሞ ምን አግኝቶ እንደሆነ ይጠየቃል።

ያን ቅዳሜ ደብሪቱ በስልሳ አንድ አደረች።

«ስልሳ አንድ?» አለች ዘሃራ፣ ከደብሪቱ ሱቅ ጎን ሳምቡሳ የምትጠብሰው ጎረቤቷ። ገና ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ነበር፤ ዘይቱ ግን መንጫጫት ጀምሯል። «አቦ ምን ሆነሽ ነው? ታመምሽ እንዴ?»

«ዛሬ እማኝ ነኝ አላልኩሽም?»

«ታዲያ እማኝ ነሽ እንጂ ተከሳሽ ነሽ? በይ እንኪ፣ ይቺን ብዪ። በባዶ ሆድ ዓይን አያይም።»

ደብሪቱ የአርባ ሦስት ዓመት ሴት ናት፤ ሥራዋ ዚፕ መጠገን ነው። ከሱቋ በር በላይ እንደ ማንኛውም ሱቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል፦ «ትናንት የተጠገኑ 38፤ ተመልሰው የመጡ 0» ይላል። ያቺ ዜሮ ከተሰቀለች ሰባት ወር ሆኗታል። የዘሃራ ሰሌዳ ደግሞ «የተጠበሱ 412፤ ያረሩ 9» ይላል፤ በዘጠኟ ምክንያት ዘሃራ ከሰሌዳው ጋር በየቀኑ ትጣላለች። «ያረረና የቀላ የማይለይ፣ ማን ቆጣሪ አደረገህ!» ትለዋለች። ሰሌዳው አይመልስም።

ደብሪቱ ሳምቡሳዋን እየበላች ባጃጅ ጠራች። ባጃጁ ሹፌር የለውም። ግን ከድሬ የድሮ ሹፌሮች አፍ ስለተማረ ዝም ብሎ አይሄድም።

«እማኟ! በስንት አደርሽ?»

«በስልሳ አንድ።»

«ወላሂ ለስልሳ አንድ ቆንጆ ነሽ።»

ከከዚራ እስከ ሳቢያን ሜዳ በመንገዱ ግራና ቀኝ ጨርቅ ተዘርግቷል። በሁሉም ላይ ያለው አንድ ቁጥር ነው፤ 20። የተሰቀለው ከትናንት በስቲያ ነው። ጨዋታው ሊጀመር ገና አንድ ሰዓት ይቀረዋል።

ቤዝቦል ድሬ የገባው በአያቶች ዘመን ነው፤ አሁን ያለ እርሱ ቅዳሜው ቅዳሜ አይመስልም። ፀሐይዋ ከጠነከረች ወዲህ ጨዋታው የሚጀመረው ከጧቱ አንድ ሰዓት ነው፤ አራት ሳይሞላ ሰው ሁሉ ጥላ ሥር ይገባል። ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ዘሃራ ስታስረዳ ነገሩ አጭር ነው። ወርዋሪ ኳስ ይወረውራል፤ መቺ በዱላ ይመታል፤ ሦስት ጊዜ ከሳተ ባዶውን ተልኳል ይባላል። አንድ ቡድን ሃያ ሰባት ሰው ከወጣበት አበቃለት። ከሃያ ሰባቱ አንዳንዱ መትቶም ኳሱ ከአየር ተቀልቦበት ይወጣል። ክብር ያለው ግን ባዶውን መላክ ላይ ነው።

በአንድ ጨዋታ ብዙ መቺ ባዶውን የላከ ወርዋሪ አጥናፉ የሚባል የድሬ ሰው ነው። በ2036 አሥራ ዘጠኝ ላከ። ከዚያ ወዲህ አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ አሥራ ስምንት የደረሱ አሉ፤ አሥራ ዘጠኝን የነካ ግን የለም። ዛሬ ኢፍቱ የተባለችው የሃያ አራት ዓመት ወርዋሪ ሃያ ትልካለች። «ትልካለች» ሲባል ተስፋ አይደለም፤ ግምት ነው። ግምት ሰሌዳው ከሐሙስ ጀምሮ ሰማንያ ስምንት ከመቶ ብሏል። ኬኩ ተጋግሯል፤ መዝሙሩ ተጠንቷል፤ ደስታውም ልክ እንደ ኬኩ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። በዚያ ዘመን ተመልካች ሜዳ የሚመጣው ለማወቅ ሳይሆን ለመገኘት ነው።

በሜዳው በር ላይ ዋናው ዳኛ ሙክታር ተቀበላት፤ ሆዱ ከእርሱ ቀድሞ የሚሰለፍ ደግ ሰውዬ ነው። የተሰመረ ወፍራም ደብተር፣ ሁለት የተቀረጹ እርሳሶችና አንድ ቀይ ጨርቅ ሰጣት።

«ሕጉን ላስታውስሽ» አላት። «ኳስ ሲወረወር ታያለሽ። ካየሽ ‹አየሁ› ብለሽ ታሰምሪያለሽ። ካላየሽ ‹አላየሁም› ትያለሽ፤ ኳሱ ይደገማል። ማስነጠስ ከመጣብሽ ቀዩን ጨርቅ አንሺ፤ እናቆማለን።»

«ማስነጠሱ ሳይነግረኝ ከመጣስ?»

«ጠዋት መስታወቱ ምን አለሽ?»

«የማስነጠስ ዕድልሽ ከሺህ ሦስት።»

«እንግዲያው ምን ያስፈራሻል?»

የእማኝ ሕግ የወጣው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። በሁለት ከተሞች ያሉ ሁለት ቆጣሪ ማሽኖች አንድ ጨዋታ ከነውጤቱ፣ ከነኳሱ ብዛት፣ ከነፍጥነቱ ተስማምተው መዘገቡ። ቁጥሮቹ እንከን አልነበራቸውም። ጨዋታው ግን አልተካሄደም፤ ዘንቦ ነበር። ይህን ሰው እስኪያስተውለው አሥራ አንድ ቀን ፈጀ፤ በአሥራ አንዱ ቀን ውስጥ አሸናፊው ቡድን ዋንጫ ተቀብሎ፣ አሠልጣኙም ተሹሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው በዓይኑ ያላየው ኳስ አይቆጠርም። ለእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ተራ ሰው በዕጣ ይወጣል። በእማኙ ፊት ላይ ካሜራ አይዞርም፤ ያየውንና ያላየውን የሚያውቀው ራሱ ብቻ ነው።

የደብሪቱ ወንበር ከኒሙ ዛፍ ሥር ነበር፤ በሜዳው ላይ የተፈጥሮ ጥላ ያለው እዚያ ብቻ ስለሆነ ከበስተኋላዋ ያሉት መደዳዎች የሽማግሌዎችና የእንግዶች ናቸው። አንድ ወንበር በቀኟ ባዶውን ተቀምጧል።

እንደ ደንቡ ወርዋሪዋ ጨዋታው ሳይጀመር እማኟን ልትጨብጥ መጣች። ኢፍቱ ረጅም ናት፤ ስትስቅ ጥርሷን በግራ እጇ ትሸፍናለች። ያ እጅ ድሬ የምትመካበት እጅ ነው።

«ዓይንሽ ደህና ነው እትዬ?»

«በሻማ ብርሃን መርፌ ላይ ክር እሰካለሁ።»

«እንግዲያው ተገላገልኩ።» ወዲያው ፈገግታዋ ቀነሰ። «ሌላ ዓመት ቢኖረኝ አልጨነቅም ነበር። ግን ትከሻዬ ከዛሬ በኋላ ሃያ አይደርስም ብሎኛል። ዛሬ ብቻ ነው።»

«ማነው ያለሽ?»

«ቆጣሪው።» ጆሮዋ ውስጥ ያለችውን የምስር ፍሬ የምታህል ነገር በጣቷ ነካች። «የምወረውረውን የሚነግረኝም እሱ ነው። እኔ እጅ ነኝ፤ እሱ ሐሳብ ነው።» ይህን ያለችው ያለ ምሬት፣ ሰው የአውቶቡስ ቁጥር እንደሚናገር ነው። ለእያንዳንዱ ወርዋሪ በቀን የተፈቀደው ኳስ ዘጠና አምስት ነው፤ ከዚያ በላይ መወርወር አይፈቀድለትም።

ጨዋታው ተጀመረ።

ደብሪቱ እንደ ሥራዋ አየች። የዚፕ ሠራተኛ ሙሉውን ልብስ አያይም፤ ጥርስ በጥርስ ነው የሚሄደው። አንድ ኳስ፣ አንድ «አየሁ»፣ አንድ መስመር። በአርባኛው ኳስ ላይ አንገቷ ደነደነ። በሰባኛው ላይ ላብ ቅንድቧን ተሻግሮ መጣ፤ በክንዷ ጠረገችው፤ ዓይኗን ግን አልነቀለችም። ሙክታር ከሜዳው ሆኖ ባያት ቁጥር አውራ ጣቱን ያነሳል። የተጋጣሚው የሞጆ ቡድን መቺዎች እየመጡ፣ እየሳቱ፣ ዱላቸውን እንደ ምርኩዝ እየጎተቱ ይመለሳሉ። አሥራ አምስት። አሥራ ሰባት። አሥራ ዘጠኝ ሲሞላ ሰው ተነስቶ አጨበጨበ፤ ግን የተገመተ ጭብጨባ ስለነበረ ልክ በሰዓቱ ቆመ።

የቀረው አንድ መቺ ነው። ቢራቱ ይባላል፤ የሞጆ ትልቁ መቺ፣ አፉ ከዱላው የሚረዝም። ድሬ አስቀድማ እየመራች ስለሆነ እርሱ ከወጣ ጨዋታው ያበቃል። ባዶውን ከተላከ ደግሞ ሃያ ይሞላል። ግምት ሰሌዳው ዘጠና ሰባት ከመቶ አለ። ዘጠና ሦስተኛውን ኳስ ቢራቱ ሳተ። ዘጠና አራተኛውንም ሳተ።

«አየሁ» አለች ደብሪቱ፤ አሰመረችም። ኢፍቱ የቀራት አንድ ኳስ ነው፤ የሚያስፈልጋትም አንድ ኳስ ነው። ሁሉም ነገር በልክ ተቆርጦ የተሰፋ ይመስል ነበር።

በዚያች ደቂቃ ከደብሪቱ በስተቀኝ፣ በደረጃው ላይ፣ የከዘራ ድምፅ ተሰማ።

ጋሽ አጥናፉ ነበሩ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ የአሥራ ዘጠኙ ባለቤት። የተጋበዙት ለአዲሷ ባለ ክብረ ወሰን አበባ እንዲሰጡ ነው። በፀሐይ እንዳይደክሙ ቆጣሪው የመምጫቸውን ሰዓት አስልቶ ባጃጅ ልኮላቸዋል፤ ልክ በመጨረሻው ኳስ እንዲደርሱ። ስሌቱ አልተሳሳተም። ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ አበባውን ታቅፈው፣ ወደ ባዶው ወንበር መጡ።

የደብሪቱ አባት የባቡር ጣቢያ ዘበኛ ነበሩ፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በአንድ ነገር ሳይደራደሩ ነው። ትልቅ ሰው ሲመጣ ይነሳሉ። ሳህን ይዘህ ነበር፣ እግርህ ተሰብሮ ነበር፣ ሰበብ የለም። «ጉልበት ከራስ ቀድሞ ይማር» ይሉ ነበር። የደብሪቱ ጉልበትም ቀድሞ ተምሯል።

ተነሳች። «ኖር ጋሼ!» አለች፣ ከወገቧ ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗን ከእሳቸው ላይ አድርጋ።

ከኋላዋ ያሉት መደዳዎችም በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ። «ኖር! ኖር!»

«በእግዜር፣ በእግዜር! ቁጭ በሉ፣ በሞቴ ቁጭ በሉ!» አሉ ጋሽ አጥናፉ፣ አበባውን እያራገቡ።

ሜዳው ፈነዳ።

አሥራ አምስት ሺህ ሰው በአንድ ጉሮሮ ጮኸ። ከየጣሪያው የተቆራረጠ ወረቀት ዘነበ፤ መዝሙሩ ተጀመረ፤ በሜዳው መካከል ቢራቱ ዱላውን ጥሎ ራሱን ይዟል፤ ኢፍቱ በጉልበቷ ተንበርክካ ግራ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታለች። ደብሪቱ ይህን ሁሉ አየች። ያላየችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ቀዩ ጨርቅ ከእርሳሱ ጎን፣ እንደታጠፈ ተቀምጧል።

ጩኸቱ ቀስ በቀስ ረገበ። መዝሙሩም መሀል ላይ ቆመ። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ኒሙ ዛፍ አዞረ። ያቺ አንዲት ቃል ገና አልተባለችም።

ጋሽ አጥናፉ ወንበራቸው ላይ ሆነው የሴትየዋን ፊት አዩ፤ ከዚያ ባዶውን መስመር አዩ። ገባቸው። እንደ ወርዋሪ ቶሎ ነው የገባቸው።

«እኔን ነው ያየሽው» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ ጋሼ።»

«አሰምሪው።»

«አላየሁትማ።»

«አሥራ አምስት ሺህ ሰው አይቶታል! እነዚያ ማሽኖች አይተውታል! ስሚኝ ልጄ፣ ይሄንን አሥራ ዘጠኝ አርባ ሰባት ዓመት ተሸክሜዋለሁ። ለቅሶ ቤት ስሄድ ‹አሥራ ዘጠኙ መጡ› ነው የምባለው። ስሜን የረሳ ጎረቤት አለኝ። ይውረድልኝ በቃ፤ ደግሞስ ማን ያውቅብሻል?»

እውነታቸውን ነው። ማንም አያውቅባትም። ደብሪቱ እርሳሱን አነሳች፤ የእርሳሱ ጫፍ ወረቀቱን ሊነካ የስንዴ ፍሬ ታህል ቀረው። የኢፍቱን ትከሻ አሰበች፤ «ዛሬ ብቻ ነው» ያለችውን። አንድ መስመር ነው፤ ከጣት አይበልጥም።

«ጋሼ» አለች መጨረሻ ላይ፣ «እኔ ዚፕ ነው የምሠራው። ያልገጠመውን ገጥሟል ብዬ ብሰጠው፣ ሰውየው ገበያ መሀል ይከፈትበታል።»

ጋሽ አጥናፉ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው።

ደብሪቱ ቆመች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ሜዳው ግን ጸጥ ስላለ እስከ ዳር ሄደ።

«አላየሁም!»

አንድ ሰው ከወዲያ ማዶ «ምን?» አለ። ከዚያ ምን ያህል ሰው «ምን?» እንዳለ መቁጠር አይቻልም። ሙክታር ሆዱን ይዞ እየሮጠ መጣ፤ ኢፍቱ በረጅም እግሯ ቀድማው ደረሰች። ቢራቱም ነገሩ የሚጠቅመው ስለመሰለው ተከተላቸው።

«እትዬ፣ ምን እያየሽ ነበር?» አለች ኢፍቱ።

«ጋሽ አጥናፉን። መጡ... ተነሳሁ።»

«ተነሳሽ።»

«ኖር ለማለት።»

ኢፍቱ ሴትየዋን አየች፣ ሽማግሌውን አየች፣ አበባውን አየች።

«እናቴ ብትሆን» አለች ኢፍቱ በመጨረሻ፣ «ባትነሺ ነበር የምትገርፍሽ።»

ከኋላ መደዳ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ። «እውነቱን ለመናገር እኛም አላየነውም።» «እኔም!» አሉ አጠገባቸው ያሉ ሴትዮ፤ «ተነስቼ ነበር። ይደገምልን እባካችሁ፤ ሻይ ገዝተን ለዚህ መጥተን!» የጥላው መደዳ በሙሉ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሌላው መደዳ ተዛመተ። የምን ሳቅ እንደሆነ ያላወቁትም ሳቁ።

«ኳሱ ይደገማል» አለ ሙክታር፣ ላቡን እየጠረገ። «ሕጉ ግልጽ ነው። ግን...» ወደ ሰሌዳው አየ።

ሰሌዳው ተቸግሮ ነበር። የኢፍቱ ክንድ ዘጠና አምስት ኳስ ወርውሯል፤ ስለዚህ መወርወር አትችልም። የታየው ኳስ ግን ዘጠና አራት ነው፤ ስለዚህ መወርወር አለባት። ቆጣሪው ለአሥራ አንድ ሰከንድ ያህል ሁለቱን ቁጥሮች እያፈራረቀ አበራ። ከዚያ ጠፋ። «97» የነበረበት ቦታ ጥቁር ሆነ። የኢፍቱ ጆሮ ውስጥ ያለችውም ዝም አለች፤ ኢፍቱ ሁለት ጊዜ በጣቷ መታችው፤ አልተናገረችም።

ሙክታር የታጠፈች አሮጌ የሕግ መጽሐፍ ከኪሱ አወጣ፤ አንድ ገጽ ፈለገ፤ ዓይኑን አጥብቦ አነበበ። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ ለሕዝቡ ተናገረ፤

«ያልታየ ኳስ አልተወረወረም! ያልተወረወረ ኳስ ደግሞ ክንድ አያደክምም! ወደየቦታችሁ!»

«እህቴ» አለ ቢራቱ ደብሪቱን፣ ዱላውን ትከሻው ላይ እየጫነ፣ «ከሞት አስነሳሽኝ። ሴት ልጅ ስወልድ ደብሪቱ ነው የምላት።»

«ለስሙ አትቸኩል» አለችው ኢፍቱ፤ «ቀብርህ ተራዘመ እንጂ አልቀረም።»

ወደ ሜዳው ተመለሱ። በዚያች ሰዓት በሳቢያን ሜዳ የሆነውን ለማስረዳት ያስቸግራል፤ ምክንያቱም የሆነ ነገር የለም። ሰሌዳው ጥቁር ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን ማንም አያውቅም። አሥራ አምስት ሺህ ሰው ይህን ስሜት ከረሳው ስለቆየ መጀመሪያ ላይ ሕመም መሰለው። አንዳንዱ የእጁን ሰዓት ደጋግሞ ነካ፤ አንዱ ሰውዬ ባለቤቱን «ስንት ነው? ስንት አለ?» እያለ ይጠይቃል፤ እርሷ ግን «ዝም በል እስቲ!» ብላ ክንዱን ጨመደደችው። ሊወጡ በር ላይ የደረሱ ተመለሱ። ከዚያ ማን እንደጀመረው ሳይታወቅ ሰው ሁሉ ቆመ። ጋሽ አጥናፉም ሊቆሙ ከዘራቸውን ሲያነሱ ደብሪቱ ዓይኗን ከሜዳው ሳትነቅል «ጋሼ፣ በአባትዎ ይቀመጡ! ዛሬስ አልነሳልዎትም!» አለች።

«አበባውን ከወንበሩ ሥር ደብቄያለሁ» አሉ እሳቸው። «የለሁም በይ።»

ኢፍቱ ኳሱን በእጇ አዞረች። እንደ ወትሮው ለመስማት አንገቷን ዘንበል አደረገች፤ ምንም አልመጣም። ትከሻዋን ሰበቀች። ደብሪቱ ከሩቅ ሆና የልጅቷን ፊት አየች፤ ገበያ ገብታ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ጨርቅ የምትመርጥ ልጅ ትመስል ነበር። ዓይኗን ጨፈነች፤ ገለጠች። ከዚያ ምን እንደመረጠች ለራሷ ብቻ እንደምትነግር ሁሉ ፈገግ አለች። በዚህ ጊዜ ጥርሷን አልሸፈነችም።

ወረወረች።

ቢራቱ እንደ መብረቅ የሚመጣ ኳስ ጠብቆ ነበር። የመጣው ግን ቀርፋፋ ነው፤ በጣም ቀርፋፋ፤ ምሳ በልቶ በጥላ ጥላ የሚሄድ ሰው ይመስል። ደብሪቱ ክንድ በክንድ እየተከተለች አየችው። ቀዩን ስፌት አየች። ከስፌቱ አንዷ ክር እንደላላች አየች፤ ክሯ ስትዞር፣ ትንሽ አቧራ ስታራግፍ፣ ዱላው ገና ኳሱ ሳይደርስ አልፎ ሲሄድ፣ ቢራቱ በገዛ ምቱ ተጠምዝዞ አቧራው ላይ በመቀመጫው ዱብ ሲል፣ ኳሱም ከኋላው ባለችው ቀላቢ ጓንት ውስጥ ሳይቸኩል ሲገባ አየች።

ማንም አልጮኸም። አሥራ አምስት ሺህ ሰው ወደ ኒሙ ዛፍ ዞሮ ጠበቀ።

ደብሪቱ መጀመሪያ አሰመረች። መስመሯ ቀጥ ያለች ነበረች። ከዚያ ቀና አለች።

«አየሁ!»

የዚያን ቀኑን ጩኸት ድሬ አልተለማመደችውም ነበር። ወረቀቱ ቀድሞ ስላለቀ ሰው ኮፍያውን፣ ነጠላውን፣ አንዱም ጫማውን ወረወረ። የመዝሙር ጓዱ ግጥሙን ስለረሳ ዜማውን ብቻ አወጣው። ቢራቱ ከአቧራው ላይ ሳይነሳ እጁን ወደ ኢፍቱ ዘርግቶ «ምን የሚሉት ኳስ ነው ይሄ?» ቢላት «እኔ ምን አውቄ» አለችው፣ እየጎተተች ስታስነሳው።

ኢፍቱ ደብተሩ ላይ ልትፈርም ወደ ጥላው ወጣች። ላቧ በአገጯ ይንጠባጠባል፤ ክንዷን በሌላው እጇ ደግፋለች። ጋሽ አጥናፉ ስትመጣ አዩዋት። ከዘራቸውን ተከሉ። አንድ ጊዜ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ደብሪቱ ልትይዛቸው እጇን ስትዘረጋ በዓይናቸው ከለከሏት። በሁለተኛው ተነሱ። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ኖር!» አሉ።

ኢፍቱ ቀጥ ብላ ቆመች። ሰባ ዘጠኝ ዓመት ለሃያ አራት ዓመት ሲነሳ ምን እንደሚባል የሚነግራት በጆሮዋ ውስጥ አልነበረም።

«ጋሼ፣ በማርያም... እንዴት ለእኔ...»

«ኖር አልኩሽ እኮ! ቆሜ ልቅር እንዴ?»

«በእግዜር» አለች ኢፍቱ። «በእግዜር ጋሼ። ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። አበባውን ከወንበሩ ሥር ጎትተው አወጡና ሰጧት፤ ግማሹ ተጨፍልቆ ነበር። «አሁን በስሜ እጠራለሁ» አሉ፤ «አጥናፉ ብቻ።»

እሑድ ጧት የደብሪቱ ሱቅ ሰሌዳ አዲስ መስመር ጨምሮ ተገኘ፦ «የታዩ የኢፍቱ ኳሶች 95፤ ያልታዩ 1» ይላል። ዘሃራ ጎንበስ ቀና እያለች አነበበችው።

«ይሄ ሰሌዳ ለሰው አያዝንም። አንዷን ምን አለ ቢተዋት? የእኔን ዘጠኝ ያረረ ሳይበቃው!»

«ተያት፣ ትቀመጥ» አለች ደብሪቱ። ደጃፏ ላይ ከሰባት በላይ ሰው ተሰልፏል፤ የግማሹ ዚፕ ምንም አልሆነም። ሊያዩዋት ነው የመጡት። ከፊት ያለው ሰውዬ ሱሪውን አቀብሏት «እትዬ፣ እሷን አንዷን እንዴት አድርገሽ ነው ያላየሽው?» ቢል መደዳው ሁሉ ሳቀ።

ዘሃራ ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልላ አመጣችላት። «በይ እንኪ። ለመሆኑ ዛሬ በስንት አደርሽ?»

ደብሪቱ ክር በጥርሷ እየቆረጠች አሰበች። ጠዋት ፊቷን ታጥባለች። መስታወቱ ፊት ቆማለች። ያቺን ኳስ፣ ያቺን ቀርፋፋ ኳስ፣ ክሯ የላላችውን ኳስ እያሰበች ስለነበረ ቁጥሩን ሳታይ ወጥታለች።

«ደህና አደርኩ» አለች።

ዘሃራ መጥበሻዋን ትታ ዞረች። «ደህና? ደህና ስንት ነው?»

«ደህና ደህና ነዋ!» አለች ደብሪቱ፤ የሰውየውን ዚፕ ከታች እስከ ላይ ሳበችው፤ ገጠመ።